የማይረሳ መዝገብ

ስለ ክሪፕቶ ገንዘብ ከሚወሩት ወሬዎች ሁሉ ሥር የሰደደው “ላኪውም ተቀባዩም አይታወቅም” የሚለው ነው። ወሬው መነሻ አለው፤ ቢትኮይን ለመቀበል ስም አይጠየቅም፣ መታወቂያ አይቀርብም፣ ቅጽ አይሞላም። ዋሌቱ፣ ማለትም ገንዘቡን የሚያስተዳድረው መተግበሪያ፣ ራሱ አድራሻ ያወጣል፤ አድራሻውም ለዐይን ምንም የማይናገር የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው። ይሁን እንጂ በዚያ አድራሻ የገባና የወጣ ገንዘብ በሙሉ፣ እስከ መጨረሻዋ ሽራፊ ድረስ፣ ከጃንዋሪ 3 ቀን 2009 ጀምሮ ሳይቋረጥ በሚጻፍ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መዝገቡን ማንም ሰው ያለ ፈቃድና ያለ ክፍያ ገልጦ ያነበዋል፤ ከፈለገም ሙሉ ቅጂውን በገዛ ኮምፒውተሩ ያስቀምጣል። የአንድ ሰፈር ዕድር መዝገብ በየወሩ አደባባይ ላይ ቢለጠፍና በአባላቱ ስም ፋንታ ቁጥር ብቻ ቢጻፍበት፣ “ቁጥር 14” ማን እንደሆነ ለማወቅ ሰፈርተኛው አንድ ቀን ሲከፍል ማየት ብቻ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ የአሥር ዓመት መዋጮውን፣ ቅጣቱንና ውዝፉን ወደ ኋላ ሄዶ መቁጠር ነው።

ባንክም መዝገብ ይይዛል፤ የባንኩን መዝገብ የሚያየው ግን ሠራተኛው፣ ተቆጣጣሪውና የፍርድ ቤት ትእዛዝ የያዘ መርማሪ ነው። ዓመታት ሲያልፉ ሰነዱ ይወገዳል፣ ወይም መጋዘን ገብቶ አቧራ ይጠጣል። ብሎክቼይን የሚባለው የክሪፕቶው መዝገብ ግን አይወገድም፣ አይታረምም፣ ባለቤቱ ቢለምንም አይሰረዝም። ከዚህ የሚብሰው፣ ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ይበልጥ እየተነበበ መሄዱ ነው፤ የመተንተኛ ሶፍትዌሩ ይሻሻላል፣ ከአድራሻዎች ጋር የሚያያዙ ስሞች ይበዛሉ፣ ከየድርጅቱ ያፈተለከ የደንበኞች መረጃ ይከማቻል። እንግዲህ የገንዘቡን ገመና መጠበቅ የሚፈልግ ሰው ጥንቃቄውን ዛሬ በሚያየው ሰው ዐቅም ከለካ መለኪያው አጥሯል። መለካት ያለበት ከአሥር ዓመት በኋላ ያንኑ ገጽ በተሻለ መነጽር በሚገልጠው ሰው ነው። በዚህ ሚዛን ሲመዘኑ ብዙ የሚወደሱ መሣሪያዎች ይቀላሉ፤ አሰልቺ የሚመስሉ ልማዶች ደግሞ ይከብዳሉ።

ችግሩ ከመጀመሪያው የታወቀ ነበር። ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም የሚጠራው የቢትኮይን ፈጣሪ በኦክቶበር 2008 ባወጣው የ9 ገጽ ጽሑፍ ውስጥ ስለ ግላዊነት አንድ አጭር ክፍል አለ። ምክሩ ለእያንዳንዱ ግብይት አዲስ ቁልፍና አዲስ አድራሻ ይውጣ የሚል ነው። ወዲያው ግን አንድ የማይደፈን ቀዳዳ እንዳለ ያምናል፤ አንድ ክፍያ ከብዙ አድራሻዎች ተሰባስቦ ሲከፈል አድራሻዎቹ የአንድ ባለቤት መሆናቸው ይገለጣል። ይህን ቀዳዳ በቁጥር ማየት ይሻላል። አንድ ሰው ዋሌት ውስጥ ሁለት ገቢ አለ እንበል፤ በአንዱ አድራሻ 0.02 ቢትኮይን፣ በሌላው 0.05። ገቢዎቹ ተደምረው አንድ ሒሳብ አይሆኑም፤ ለየብቻ ይቀመጣሉ፣ ሲወጡም ሙሉ በሙሉ ይወጡና ትርፉ በመልስ ይመለሳል። ሰውየው 0.06 ሊከፍል ሲፈልግ አንዱ ብቻውን ስለማይበቃ ዋሌቱ ሁለቱንም ያወጣል። ከ0.07ቱ 0.06 ለተቀባዩ ይሄዳል፣ 0.0001 የኔትወርኩ ክፍያ ይሆናል፣ የቀረው 0.0099 በአዲስ አድራሻ ወደ ራሱ ይመለሳል።

መዝገቡ ላይ የሚታየው ሁለት መግቢያና ሁለት መውጫ ብቻ ነው፤ ይሄኛው ክፍያ፣ ያኛው መልስ ነው የሚል ጽሑፍ የለም። አንባቢው ግን ያሰላል። ክፍያው 0.0099 ቢሆን ኖሮ ከሁለቱ ገቢዎች አንዱ ብቻውን ከበቂ በላይ ነበር፤ ሁለቱን አንድ ላይ ማውጣት ያስፈለገው ክፍያው 0.06 ስለሆነ ነው። ቁጥሩም ድፍን ነው፤ ሰው የሚስማማበት ዋጋ ብዙ ጊዜ ድፍን ይሆናል፣ መልስ ግን እንደ ወጣ ይወጣል። ስለዚህ ሁለቱ የመግቢያ አድራሻዎችና የመልሱ አድራሻ የአንድ ሰው ናቸው። አሁን 0.02ቱ ስሙን የማያውቅ ደንበኛ የከፈለው የሥራ ዋጋ፣ 0.05ቱ ደግሞ መታወቂያ ከሚጠይቅ ኤክስቼንጅ (የክሪፕቶ መገበያያ ድርጅት) የተገዛ ይሁን። ሁለቱ በአንድ ክፍያ በተገናኙባት ደቂቃ፣ እስከዚያ ድረስ ስም አልባ የነበረው ገቢ በኤክስቼንጁ ፋይል ውስጥ ካለው ስም ጋር ይታሰራል። ማሰሪያው ወደ ኋላም ይሠራል፤ ትናንት በጥንቃቄ የተለየው ሁሉ ዛሬ በአንድ ግዴለሽ ክፍያ ይጋለጣል። ባለቤቱም ነገሩን አያውቀውም፤ ዋሌቱ ያሳየው “ተልኳል” የሚል መልእክት ብቻ ነው።

ይህ የወረቀት ላይ ስሌት አለመሆኑ የታየው በ2013 ነው። ሣራ ማይክልጆን የምትመራው የአሜሪካ ተመራማሪዎች ቡድን ከልዩ ልዩ የቢትኮይን አገልግሎቶች ጋር ራሱ 344 ግብይቶች አደረገ፤ እየገዛ፣ እያስቀመጠ፣ እያወጣ። የእያንዳንዱን አገልግሎት ጥቂት አድራሻዎች በዚህ መንገድ ካወቀ በኋላ፣ ከላይ ባየነው ዓይነት ስሌት በእነዚያ ጥቂቶች ላይ ተንተርሶ እጅግ ብዙ አድራሻዎችን በየድርጅቱ ስም መደባቸው። የፖሊስ ሥልጣን አልነበራቸውም፣ የማንንም ኮምፒውተር አልሰበሩም። የሚገርመው በዚያ ጊዜ ይህን ሥራ ሙያዬ ብሎ የያዘ ድርጅት ከነጭራሹ እምብዛም አለመኖሩ ነው። ቼይናሊሲስ የተባለው የመዝገብ ትንተና ኩባንያ የተቋቋመው በሚቀጥለው ዓመት ነው፤ ዛሬ መንግሥታት፣ ባንኮችና ኤክስቼንጆች የሚገዙት ትንተና በዚያው መሠረት ላይ የቆመ ነው።

ጊዜ ለማን እንደሚያደላ ለማየት ሁለት የወንጀል ጉዳዮች ይበቃሉ። ወንጀለኞችን ለምሳሌ የምንወስደው ለመደበቅ ከማንም በላይ ምክንያትም ዐቅምም የነበራቸው እነሱ ስለሆኑ ነው። በኦገስት 2016 ቢትፊኔክስ ከተባለው ኤክስቼንጅ 119,754 ቢትኮይን ተሰረቀ። ሌባው ገንዘቡን በትንንሹ ከፋፈለ፣ በሐሰት ስሞች ሒሳብ ከፈተ፣ አልፋቤይ በተባለው የጨለማው ድር ገበያ በኩል አሳለፈ፣ ከፊሉን ወደ ሌላ የክሪፕቶ ዓይነት ለወጠ። የአሜሪካ መርማሪዎች በፌብሩዋሪ 2022 ባልና ሚስት ሲያስሩ 94,000 ያህሉን ቢትኮይን ያዙ፤ የዚያን ቀን ዋጋው 3.6 ቢሊዮን ዶላር ግድም ነበር። በክሱ ሰነድ ውስጥ ከተዘረዘሩት ዱካዎች አንዱ የ500 ዶላር የዋልማርት የስጦታ ካርድ ነው። የዚህን ሁሉ ቢሊዮን ባለቤት ከስሙ ጋር ካገናኙት ነገሮች አንዱ የአስቤዛ ካርድ መሆኑ ብዙ ያስተምራል። ሁለተኛው ጉዳይ ከዚህም ይቆያል። በ2012 ሲልክ ሮድ ከተባለው ሕገ ወጥ ገበያ ከ50 ሺህ በላይ ቢትኮይን የሰረቀ ሰው ዘጠኝ ዓመት ሳይነካ ኖረ። በኖቬምበር 2021 በአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት የሚገኘው ቤቱ ሲፈተሽ ከፊሉ ወለል ሥር በተቀበረ ካዝና፣ ከፊሉ ደግሞ መታጠቢያ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ፣ በፈንዲሻ ቆርቆሮ ከብርድ ልብስ ሥር በተደበቀች ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ ላይ ተገኘ። በ2012 እሱን ሊይዘው የሚችል መሣሪያ አልነበረም። መዝገቡ ግን መሣሪያው እስኪሠራ ጠበቀው።

እዚህ ላይ የሚነሣውን ጥያቄ መገመት አያዳግትም፦ ሌባ ከተያዘ ምን ክፋት አለው? ንጹሕ ሰውስ ምን የሚደብቀው አለ? የመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ቀላል ነው፤ ክፋት የለውም። ሁለተኛው ግን ነገሩን ያምታታል፤ ምክንያቱም መዝገቡን ከሚያነቡት ሰዎች ውስጥ ትንሹን ክፍል ብቻ፣ ማለትም መርማሪውን፣ ያስባል። ደመወዙን በክሪፕቶ የሚቀበል ሰው አሠሪው ገንዘቡ የት እንደዋለ ያይበታል። በአንድ አድራሻ ቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው አከራዩ ስንት እንዳለው ያውቅበታል፤ የሚቀጥለው ወር ጭማሪም በዚያው ልክ ሊሆን ይችላል። ነጋዴ አድራሻውን ለደንበኛ ሲሰጥ ለተፎካካሪውም የገቢ መግለጫውን እየሰጠ ነው። በማንም ባንክ ደንበኛ ላይ ይህ ቢደረግ ነውር የሚባለውን ነው እዚህ እንደ ተራ ነገር የምናልፈው።

አደጋው ከነውርም ያልፋል። የክሪፕቶ ቁልፍ ማስቀመጫ መሣሪያ የሚሸጠው ሌጀር የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በ2020 የደንበኞቹ መረጃ ተሰርቆበት፣ የ272,000 ያህል ሰዎች ስም፣ የቤት አድራሻና ስልክ በዚያው ዓመት መጨረሻ በይፋ ተበተነ። ዝርዝሩን ያገኘ ሰው ክሪፕቶ አላቸው ተብለው የሚገመቱ ሰዎች የት እንደሚኖሩ አወቀ ማለት ነው። በሜይ 2025 ደግሞ ኮይንቤዝ የተባለው ኤክስቼንጅ ከአሜሪካ ውጭ ያሉ የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኞቹ በጉቦ ተደልለው የ69,461 ደንበኞችን መረጃ አሳልፈው መስጠታቸውን አሳወቀ። እንዲህ ያለ ዝርዝር ከክፍት መዝገብ ጋር ሲገጣጠም የሚሰጠውን ኃይል ማሰብ ነው፤ አንዱ ማን የት እንደሚኖር ይናገራል፣ ሌላው ስንት እንዳለው። በጃንዋሪ 2025 ከሌጀር መሥራቾች አንዱ በፈረንሳይ ከባለቤቱ ጋር ታፍኖ፣ ገንዘብ ለማስከፈል ጣቱ ተቆርጧል። እሱ ሀብቱ በአደባባይ የታወቀ ሰው ነበር። ክፍት መዝገብ ያልታወቀውንም ሰው እንደ እሱ የታወቀ ሊያደርገው ይችላል።

ሌላው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው፤ ግላዊነትን የሚጨምር መሣሪያ ሁሉ ወንጀለኛንም ያገለግላል ይላል። እውነት ነው፣ ማድበስበስም አያስፈልግም። የአሜሪካ ግምጃ ቤት በኦገስት 2022 ቶርኔዶ ካሽ የተባለውን፣ ኢተሪየም በሚባለው ሌላ ብሎክቼይን ላይ የሚሠራ የገንዘብ ማደባለቂያ በማዕቀብ ዝርዝር ውስጥ ሲያስገባ፣ የሰሜን ኮሪያ ጠላፊዎች ተጠቅመውበታል ያለው በባዶ ሜዳ አልነበረም። ግን የዚያ ማዕቀብ መጨረሻም ሊታይ ይገባል፤ የይግባኝ ፍርድ ቤት በኖቬምበር 2024 ማንም ባለቤት ሆኖ የማይለውጠውን የኮምፒውተር ኮድ እንደ ንብረት ቆጥሮ ማገድ ከሕጉ ሥልጣን ያልፋል አለ፤ በማርች 2025 ግምጃ ቤቱ ራሱ ስሙን ከዝርዝሩ አወጣ። ከዚህ ሁሉ የምወስደው ቁም ነገር ሌላ ነው። ከላይ ባየናቸው ሁለት የወንጀል ጉዳዮች መዝገቡ መንገዱን አሳየ እንጂ ስሙን አልሰጠም። ስሙ የተገኘው በኤክስቼንጅ የደንበኛ ፋይል፣ በኢሜይል ሒሳብና በደመና ማከማቻ ውስጥ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው። ሕግ የሚያስፈልገው በር እዚያ አለ። ከጎረቤትና ከዘራፊ የሚጠብቅ ግላዊነት ከዳኛ ፊት መሰወርን አይጠይቅም፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚከራከር ሰው በየትኛውም ወገን ይቁም ጉዳዩን እያበላሸው ነው።

ታዲያ ለምን ሞኔሮን ተጠቅመው አይገላገሉም? የሚል አንባቢ አይጠፋም። በ2014 የተጀመረው ሞኔሮ ላኪውን ማደናገሪያ ከሚሆኑ የሌሎች ሰዎች ገቢዎች ጋር ቀላቅሎ፣ የገንዘቡን መጠንም ሸፍኖ የሚመዘግብ ነው፤ ከቢትኮይን ጋር ሲነጻጸር ሰፊ ልዩነት አለው። ሆኖም የጊዜ ሚዛናችንን እዚህም እናስቀምጠው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ ተጠቃሚዎች ያለ ማደናገሪያ ይልኩ ስለነበር፣ የነሱ ግልጽነት የጠንቃቆቹን መሸፈኛ አፈረሰ፤ እስከ 2017 መጀመሪያ ማደናገሪያ ከተጨመረባቸው መግቢያዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እውነተኛ ምንጫቸው ሊለይ እንደሚችል ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ፕሮቶኮሉ በኋላ ተጠገነ፤ የድሮዎቹ ግብይቶች ግን እንደተጻፉ አሉ። የዛሬውስ ሽፋን በ2040 ምን ያህል ይጸናል? በ2016 የወጣው ዚካሽ በስሌት ረገድ ከዚህም የጠነከረ መሸሸጊያ አለው፤ ነገር ግን መሸሸጊያው በምርጫ በመሆኑ ብዙ ሰው በግልጹ መንገድ ሲሄድ ኖሯል፣ ሰው በሌለበት መጠለያ መደበቅ ደግሞ የበለጠ ያስታውቃል። በመጨረሻም እነዚህን ገንዘቦች ወደ ብር፣ ዶላር ወይም ዩሮ የሚቀይር በር እየጠበበ ነው። ባይናንስ የተባለው ኤክስቼንጅ ሞኔሮን በፌብሩዋሪ 2024 ከገበያው አውጥቷል።

መሣሪያው ካልበቃ የሚቀረው ልማድ ነው፤ ልማዱም አንድ መርሕ አለው፦ መገናኘት የሌለባቸው ገንዘቦች አይገናኙ። ለአደባባይ ሥራ፣ ለደመወዝና ለቁጠባ የተለያየ ዋሌት መያዝ ከማንኛውም ማደባለቂያ ይልቅ ረጅም ዕድሜ አለው፤ ምክንያቱም ያልተገናኘን ነገር የነገው ሶፍትዌርም ቢሆን በቀላሉ አያገናኘውም። ለእያንዳንዱ ከፋይ አዲስ አድራሻ መስጠት በአብዛኞቹ የቢትኮይን ዋሌቶች አንድ ንክኪ ነው። ሲከፈል ደግሞ የትኛው ገቢ እንደሚወጣ የሚያስመርጥ ዋሌት መጠቀምና እያንዳንዱ ገቢ ሲደርስ ከማን እንደመጣ ማስታወሻ መጻፍ ይገባል፤ ከላይ ያየነው የ0.02ና የ0.05 አደጋ የሚከሰተው ዋሌቱ በራሱ ሲመርጥ ነው። ሳይጠየቅ ወደ አድራሻ የሚገባ ጥቂት ሽራፊ ገንዘብ ካለ ሳይነኩ መተው ነው፤ የላከው ሰው ከሌላው ገንዘብ ጋር ተደባልቆ ሲወጣ ማየት ፈልጎ ሊሆን ይችላል።

ከእነዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚዘነጋው ደግሞ ዋሌቱ ራሱ የሚያወራው ነገር ነው። በስልክ የሚጫን ዋሌት ብዙ ጊዜ ሒሳቡን ለማወቅ የአንድ ድርጅት ሰርቨር ይጠይቃል፤ ሰርቨሩም የአድራሻዎቹን ዝርዝር ከስልኩ የኢንተርኔት አድራሻ ጋር በአንድ ጊዜ ያያል። መዝገቡ ላይ በወራት ትንተና የሚደረስበትን ነገር በአንድ ሰከንድ በትሪ አቀረብንለት ማለት ነው። መድኃኒቱ ዋሌቱን የመዝገቡን ሙሉ ቅጂ ከያዘ የራስ ኮምፒውተር (ኖድ) ጋር ማገናኘት ነው፤ እሱ ከከበደ የኢንተርኔት አድራሻን የሚሰውረውን ቶርን የሚደግፍ ዋሌት ይመረጣል። ሁሉንም አድራሻዎች የሚያሳየውን የተራዘመ የወል ቁልፍ ለሒሳብ ሠራተኛ ወይም ለመተግበሪያ መስጠትም ያለፈውንም የወደፊቱንም አድራሻ በአንድነት መስጠት ነው። ቁልፉ ገንዘብ አያስወጣም ስለሚባል ብዙ ሰው ሳይሳሳ ይሰጠዋል።

በኢትዮጵያውያን ዘንድ ጉዳዩ በይበልጥ የሚመጣው ዋጋው ከዶላር ጋር በታሰረው ክሪፕቶ፣ በዩኤስዲቲ መልክ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2022 ባወጣው መግለጫ በክሪፕቶ ገንዘብ መገበያየት እንዳልተፈቀደ አስታውቋል፤ በሀገር ውስጥ ያለ አንባቢ ይህን ከሁሉ በፊት ማስቀደም አለበት። በሕግ በተፈቀደባቸው ሀገሮች፣ በአሜሪካም በአውሮፓም፣ የሚጠቀሙ ወገኖቻችን ግን ዩኤስዲቲ ከቢትኮይን ይልቅ ገመና እንደሌለው ቢያውቁ ደግ ነው። ዩኤስዲቲ በሚንቀሳቀስባቸው በትሮንም ሆነ በኢተሪየም መዝገቦች ላይ አንድ ሰው የሚይዘው አንድ ሒሳብ ነው፤ ለእያንዳንዱ ከፋይ አዲስ አድራሻ የማውጣት ልማድ የለም። አንድ ጊዜ በቤተሰብ ግሩፕ ላይ የተለጠፈ አድራሻ ለዘላለም ተለጥፏል፤ በዚያ ግሩፕ ያለ ማንኛውም ዘመድ ሒሳቡን፣ ከማን እንደገባና ለማን እንደወጣ እስከ ሳንቲሙ ማየት ይችላል። አውጪው ኩባንያ ቴዘር ደግሞ የፈለገውን አድራሻ የማገድ ቁልፍ በእጁ ነው፣ ደጋግሞም ተጠቅሞበታል። ከታገደ አድራሻ ጋር ያልታሰበ ግንኙነት የነበረው ንጹሕ ሰው ኤክስቼንጁ ገንዘቡን ይዞ ምንጩን ቢጠይቀው የሚያስረዳው በራሱ ማስረጃ ነው።

ይህ ማስረጃ የመያዝ ጉዳይ ወደፊት እየከበደ ነው የሚሄደው። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ያወጣው የገንዘብ ማጠብ መከላከያ ደንብ ከጁላይ 10 ቀን 2027 ጀምሮ በኅብረቱ ያሉ ኤክስቼንጆች ስም አልባ ሒሳብ እንዳይከፍቱና ማንነትን የሚሸፍኑ ገንዘቦችን እንዳይቀበሉ ይከለክላል። ሮም፣ ፍራንክፈርት ወይም ስቶክሆልም ያለ ሰው ዛሬ በሕጋዊ መንገድ ገዝቶ ከዘራፊ ዐይን የለየውን ገንዘብ በዚያን ጊዜ ወደ ዩሮ ሲመልስ፣ መለየቱ ራሱ ጥያቄ ሊያስነሣበት ይችላል። ስለዚህ የግዢ ደረሰኙን፣ ቀኑን፣ መጠኑንና የተላለፈበትን አድራሻ ከኢንተርኔት በተለየ ቦታ፣ በወረቀትም ቢሆን፣ ማስቀመጥ ከጥንቃቄው አንዱ ክፍል ነው። ግብር ሰብሳቢውም ባንኩም የሚያምነው ያንን ወረቀት ነው፤ ወረቀቱን ደግሞ ባለቤቱ ካላሳየው በቀር ማንም አያየውም።